ስለ ላኪና ስለ ተላኪ

ሰው ከቤቱ ወጥቶ ወደ ሌላ ሰው ደጅ የሚሄደው በሦስት ምክንያት ነው፤ ወይ ለራሱ ጉዳይ፥ ወይ ለመጠየቅ፥ ወይም ተልኮ። ለራሱ ጉዳይ የሚሄድ ሰው ቢሳካለትም ባይሳካለትም ትርፉም ኪሳራውም የራሱ ነው። ለመጠየቅ የሄደውም ተመርቆ ይመለሳል። ተልኮ የሚሄድ ግን የሌላ ሰው ቃል በአፉ ይዟልና ከሁለቱ ይልቅ ሸክሙ ከባድ ነው። ቃሉን ቢያጎድል የጎደለው የላኪው ነው፤ ቢጨምርበትም የተጨመረው በላኪው ስም ነው። ስለዚህም አባቶቻችን ለሽምግልና የሚልኩትን ሰው ሲመርጡ ልብሱን ሳይሆን ልቡን፥ የአንደበቱን ማማር ብቻ ሳይሆን የቃሉን መታመን ይመረምሩ ነበር።

በዚህ ጽሑፍ ልነቅፈው ያሰብሁት በዘመናችን የተለመደ አንድ አሠራር ነው። ዓለም አቀፍ ጉባኤ በተጠራ ቁጥር ገንዘብ ሰጪዎች፥ «ከሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች ተወካይ ይምጣ፤ የአውሮፕላኑን ቲኬት፥ የመኝታውንና የምግቡን ወጪ እኛ እንችላለን» ይላሉ። ሐሳቡ መልካም ነው። መንግሥታት ብቻቸውን ተቀምጠው ስለ ድርቅ፥ ስለ በሽታና ስለ ስደት ቢነጋገሩ፥ ነገሩ የደረሰበት ሰው ድምፅ አይሰማም። የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ቻርተርም ገና እ.ኤ.አ. በ1945 ሲጻፍ፥ በ71ኛው አንቀጹ የኢኮኖሚና የማኅበራዊ ጉዳይ ምክር ቤት መንግሥታዊ ካልሆኑ ድርጅቶች ጋራ እንዲመካከር ፈቅዷል። ነገር ግን በዚህ መልካም ሐሳብና በአውሮፕላኑ መቀመጫ መካከል አንድ ጠባብ በር አለ፤ እርሱም ምርጫው ነው። ማን ይሂድ? በምንስ ተመዝኖ ይሂድ? እኔ የምተቸው ይህን በር ነው። ስተችም ከውጭ ቆሜ አይደለም፤ ከበረኞቹ አንዱ እኔው ነበርሁና።

ነገሩን ከሥሩ ለማስረዳት ወደ ልጅነቴ ልመለስ። የተማርሁት በትግራይ ውስጥ በነበረ በአንድ የሚሲዮን ትምህርት ቤት ነው። ከባሕር ማዶ እንግዳ በመጣ ጊዜ አንድ ተማሪ ተመርጦ በእንግዶቹ ፊት በእንግሊዝኛ ንግግር ያደርግ ነበር። ብዙ ጊዜ የምመረጠው እኔ ነበርሁ። የተመረጥሁትም ከሌሎቹ በአሳብ በልጬ ሳይሆን ቃላቱን እንደ መምህራኖቼ አድርጌ ስለምጠራና ንጹሕ ሸሚዝ ስለነበረኝ ነው። አንድ ቀን ስለ እርሻ ጥቅም እንድናገር ታዘዝሁ። እኔ የከተማ ልጅ ነኝና እርፍ ጨብጬ አላውቅም። አጠገቤ ይቀመጥ የነበረው ልጅ ግን ክረምት ክረምት ከአባቱ ጋራ ያርስ ነበር። እኔ ስለ እርሻ ተናገርሁ፤ ተጨበጨበልኝ፤ እርሱም አጨበጨበ። ከእንግዶቹ አንዱ፥ «በአገራችሁ በሬዎቹ በቀን ስንት ሰዓት ያርሳሉ?» ብሎ ቢጠይቀኝ መልስ አጣሁ። ልጁ ከኋላዬ በትግርኛ ቀስ ብሎ ነገረኝና እኔ በእንግሊዝኛ መለስሁ። ጭብጨባው ግን ለእኔ ደገመ። በዚያን ጊዜ ይህ ነገር ነውር መሆኑን አላስተዋልሁም።

ከዚያ በኋላ አድጌ መምህር ሆንሁ፤ ከሠላሳ ዓመት በላይም እንግሊዝኛ አስተማርሁ። ጡረታ ከወጣሁ በኋላ፥ ጦርነቱ አልፎ የባንኩና የስልኩ መሥመር ከተመለሰ ወዲያ፥ በመቐለ ላሉ ጥቂት ማኅበራት ስለ መሬት መራቆትና ስለ አየር ንብረት በሚደረግ ጉባኤ ላይ የሚገኝ አንድ ሰው እንዲልኩ ዕድል ደረሳቸው። ሦስት መራጮች ተሰየምን፤ አንዱ እኔ ነበርሁ። የማኅበራቱን ስም አልጠራም፤ ጥፋቱ ከእነርሱ ይልቅ የእኔ ነውና።

የመመዘኛው ወረቀት ከመቶ የሚታሰብ ነበር፤ ለእንግሊዝኛ ቋንቋ 30፥ ከዚህ በፊት በዓለም አቀፍ ጉባኤ ለመካፈል 25፥ ለትምህርት ደረጃ 25፥ ለማመልከቻው ደብዳቤ 20። ስለ መሬት ማወቅ የሚል ረድፍ አልነበረውም። ሕዝቡ የሰጠው መልእክት አለውን? የሚልም አልነበረውም። እኔም ወረቀቱን ሳነብ የጎደለ ነገር ያለ አልመሰለኝም።

ካመለከቱት ሰዎች ሁለቱ ብቻ ለመጨረሻው ውድድር ቀረቡ። አንዱ በከተማው ውስጥ የቢሮ ሰው ነበር፤ ትሑት፥ ትጉህ፥ እንግሊዝኛው የጠራ፥ ፓስፖርቱም በማኅተም የተሞላ። ሁለተኛይቱ ከከተማው ወጣ ብላ ካለች ከአንዲት የገጠር ጣቢያ የመጣች፥ እርከን የሚሠሩና የተሸረሸረ ቦይ በድንጋይ ክትር የሚዘጉ ሴቶችን የምትመራ እናት ናት። ማመልከቻዋን የጻፈላት የልጇ አስተማሪ ነበር። በደብዳቤዋ ላይ አንድ ጥያቄ ብቻ ነበረ፤ እርሱም በአሳብ ደረጃ ይህን ይመስል ነበር፦ «እኛ በየዓመቱ ያለ ክፍያ እየወጣን የከለልነውን ተራራ በጦርነቱ ዘመን መብራትና ነዳጅ ሲጠፋ ራሳችን ቆርጠን ለማገዶ አደረግነው። አሁን ልጆቻችንን እንደገና በነጻ ውጡና ሥሩ የምንላቸው በምን አፍ ነው? በሌላ አገር እንዲህ የደረሰበት ሕዝብ ምን አደረገ?»

ወጣት አንባቢዬ ሆይ፥ ይህ ጥያቄ ከመቶ ስንት ያገኝ ይመስልሃል? እኔ ለደብዳቤው ከ20 ዘጠኝ ሰጠሁት፤ ሰዋስው ይጎድለዋልና። የሁሉም ነጥብ ሲደመር እርሱ 87፥ እርሷ 41 አገኙ። ፈረምሁ፤ ቡናዬን ጠጥቼ ወደ ቤቴ ሄድሁ።

ሰውየው ሄዶ ተመለሰ። በአዳራሽ ተሰብስበን ስንሰማው ብዙ ፎቶግራፍ አሳየን፤ የጉባኤው ስም የተጻፈበትን ቦርሳም ይዞ ነበር። ያች ሴት በማለዳ ተነሥታ መጥታ ከኋላ ተቀምጣ ነበር። በመጨረሻ ተነሥታ፥ «ስለ እኛ ምን ጠየቁህ? አንተስ ምን መለስህላቸው?» አለችው። እርሱም አፍሮ፥ «ጉባኤው በጣም ትልቅ ነበር» አለ። ሌላ የሚለው አልነበረውም። እርሱን አልኰንነውም። ባዶ እጁን የላክነውን ሰው፥ «ምን አደረስህ?» ብለን ልንጠይቀው አይገባንም። መልእክት ሳይሰጡ መልእክተኛ መላክ የላኪው በደል ነው።

ያን ዕለት ሴትዮዋን እስከ መናኸሪያው ድረስ ሸኘኋትና፥ «እኅቴ፥ ነጥብ ከቀነሱብሽ ሰዎች አንዱ እኔ ነኝ፤ ይቅር በይኝ» አልኋት። በትግርኛ የመለሰችልኝን በአማርኛ ልመልሰው፤ «መምህር፥ ስለ እኔ አይዘኑ። እኔ ብሄድ ላሞቼን ማን ያያቸው ነበር? ያዘንሁት ጥያቄያችን ሳይሄድ በመቅረቱ ነው» አለችኝ።

ከዚያ ቀን ወዲህ ያን የመመዘኛ ወረቀት በአሳቤ እየዘረጋሁ ረድፍ በረድፍ መረመርሁት። የደረስሁበትን እነሆ እጽፋለሁ።

የመጀመሪያው ረድፍ ቋንቋ ነው። እንግሊዝኛን እወደዋለሁ፤ እንጀራዬንም የበላሁት በእርሱ ነው። ነገር ግን ቋንቋ ዕቃ ነው እንጂ በዕቃው ውስጥ ያለው እህል አይደለም። በሰኔ 1928 ዓ.ም. ዓፄ ኃይለ ሥላሴ በጄኔቫ በመንግሥታት ማኅበር ፊት ቆመው ስለ አገራቸው መወረር ሲናገሩ፥ ፈረንሳይኛ አሳምረው የሚያውቁ ሲሆኑ የተናገሩት በአማርኛ ነበር። የኢጣልያ ጋዜጠኞች በፉጨትና በጩኸት ሊያውኳቸው ቢሞክሩም ንግግራቸው ተተርጉሞ በዓለም ተሰማ። ከኢትዮጵያ ወጥቶ በባዕድ ጉባኤ ላይ ከተነገረው ቃል ሁሉ ይልቅ እስከ ዛሬ የሚታወሰው ይኸው ነው። በተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ ደንብም ከስድስቱ የሥራ ቋንቋዎች ውጭ መናገር የሚፈልግ ልዑክ አስተርጓሚውን ራሱ ካዘጋጀ ይፈቀድለታል። እንግዲህ ለንጉሥና ለልዑክ የተፈቀደው አስተርጓሚ ለገበሬዋ ሲሆን ስለ ምን ይከለከላል? አስተርጓሚ ገንዘብ ያስወጣል ቢባል፥ እውነት ነው፤ የሚናገረው የሌለውን ሰው አሳፍሮ መላክ ግን ከዚያ የበለጠ ያስወጣል።

ሁለተኛው ረድፍ፥ «ከዚህ በፊት ተካፍለዋልን?» የሚል ነው። ይህ ረድፍ ብልህ ይመስላል፤ ልምድ ያለው ሰው ይሻላልና። ነገር ግን አስተውሉ፤ ያልሄደ ሰው ልምድ የለውም ተብሎ ካልተላከ፥ ሳይላክም ልምድ የሚያገኝበት መንገድ ከሌለ፥ በሩ ለዘላለም ለጥቂቶች ብቻ የተከፈተ ሆነ ማለት ነው። እነዚያው ሰዎች ዓመት ከዓመት ይሄዳሉ፤ እዚያም ከሌላ አገር የመጡ እነዚያኑ ሰዎች ያገኛሉ፤ እርስ በርሳቸው ተዋውቀው ይመሰጋገናሉ፤ ምስጋናውም ለሚቀጥለው ጉዞ ምስክር ወረቀት ይሆናል። ልምድ ያለውን ሰው ማጣት አይገባንም፤ ነገር ግን ሥራው ሁለት ጊዜ ከሄደ በኋላ አዲሱን ተላኪ ማስተማር ይሁን። ጥሩ መምህር የሚታወቀው ራሱ ደጋግሞ በመፈተን ሳይሆን ደቀ መዛሙርቱን ለፈተና በማብቃት ነው።

ሦስተኛው ረድፍ በወረቀቱ ላይ አልተጻፈም፤ በመራጮቹ ልብ ውስጥ ግን አለ። ይኸውም፥ «ይህ ሰው ቪዛ ያገኛልን?» የሚለው ነው። ስለዚህ ነገር መራጮችን ብቻ መውቀስ ግፍ ይሆናል። የዓድዋ አካባቢ ተወላጅ የነበሩትን ዶክተር ተወልደ ብርሃን ገብረ እግዚአብሔርን አስቡ። እኒህ ሰው የአፍሪቃ አገሮች ዋና ተደራዳሪ ሆነው፥ ሕይወት ባላቸው የተለወጡ ዘሮች ዝውውር ላይ ቁጥጥር እንዲደረግ የሚያዝዘውንና የካርታኼና ፕሮቶኮል የሚባለውን ስምምነት ለማስገኘት የታገሉ ናቸው። ድርድሩ እ.ኤ.አ. በ1999 በካርታኼና ከተማ ፈርሶ በ2000 በሞንትሪያል ተፈጸመ። በዚያው ዓመት አማራጭ ኖቤል እየተባለ የሚጠራውን የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት ተቀበሉ። ነገር ግን እ.ኤ.አ. በ2005 በዚያው በሞንትሪያል ለሚደረግ የዚሁ ጉዳይ ስብሰባ ሊሄዱ ሲሉ የካናዳ መንግሥት በመጀመሪያ ቪዛ ነፈጋቸው፤ የተሰጣቸው ከየአገሩ ተቃውሞ ከተነሣ በኋላ ነው። በ2022 እዚያው ከተማ በተደረገው ዓለም አቀፍ የኤድስ ጉባኤም ብዙ አፍሪቃውያን ተሳታፊዎች በቪዛ ምክንያት ሳይገኙ ቀርተዋል። የአውሮጳ ኅብረትም በ2024 በኢትዮጵያውያን ላይ በወሰነው ውሳኔ የቪዛ ጥያቄ የሚመረመርበት ጊዜ ከ15 ቀን ወደ 45 ቀን ከፍ እንዲል አድርጓል። ያ ሁሉ ስም የነበራቸው ሰው በር ከተዘጋባቸው፥ ከመቐለ ተነሥታ ከሰባት መቶ ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዛ አዲስ አበባ ኤምባሲ ደጅ የምትጠና፥ የባንክ ሒሳብም ማኅተም ያለበት ፓስፖርትም የሌላት ሴት እንዴት ትሆናለች?

ስለዚህ መራጩ ቲኬቱ እንዳይባክን ሲፈራ ቪዛ የሚያገኘውን ይመርጣል። ፍርሃቱ ምክንያት አለው፤ ነገር ግን መድኃኒቱ ድኻውን መተው አይደለም። መድኃኒቱ ምርጫውን አስቀድሞ መፈጸም፥ ከዋናው ተላኪ ጋራ ተጠባባቂ መሰየም፥ ጋባዡም ደብዳቤውን በጊዜ እንዲልክና ለኤምባሲው ምስክር እንዲሆን አጥብቆ መጠየቅ ነው። ጋባዥ ሆኖ በሩን ሌላ ሰው ዘግቶ ሲመልስ ዝም የሚል፥ ድግስ ደግሶ ዘበኛውን ሳይነግር እንደ ተኛ ባለቤት ነው።

ከዚህም ጋራ የሚሄድ ሌላ ነገር አለ። ማመልከቻው ሁሉ በኢንተርኔት ይሞላል። በኅዳር 2015 ዓ.ም. ስለ ኢንተርኔት አስተዳደር የሚመክረው የተባበሩት መንግሥታት ጉባኤ በአዲስ አበባ ተደርጎ ነበር። በዚያን ሰሞን ግን እኛ በመቐለ፥ ከሰኔ 2013 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በተቋረጠብን መሥመር ምክንያት፥ ኢንተርኔት ቀርቶ ለዘመድ ስልክ መደወል አንችልም ነበር። ስለ ኢንተርኔት መታጣት ከማንም ይልቅ ሊመሰክር የሚችለው ሰው ማመልከቻውን መሙላት ያልቻለው ሰው ነበር። ነገሩ የደረሰበት ሰው በመመዘኛው የሚወድቅበት ምክንያት ብዙ ጊዜ ያው የደረሰበት ነገር ነው። ይህን ያላስተዋለ መራጭ ቁስለኛውን «ቆመህ ካልመጣህ አላክምህም» እንደሚል ሐኪም ነው።

አራተኛው ነገር አበሉ ነው። ስለዚህ መናገር ያስነውራል ተብሎ ዝም ይባላል፤ እኔ ግን ሽማግሌ ነኝና እናገረዋለሁ። በማኅበራት ውስጥ የሚሠሩ ብዙዎች ደመወዛቸው ትንሽ ነው፤ በጦርነቱም ጊዜ ደመወዝ ሳያገኙ የቆዩ ጥቂት አይደሉም። የውጭ አገር ጉዞ የሚያስገኘው ውሎ አበል ለእነርሱ የወራት ኑሮ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ አለቃው ጉዞውን ለታታሪ ሠራተኛ እንደ ሽልማት ይሰጠዋል፤ ወይም ተራ በተራ ያካፍለዋል፤ ወይም ለራሱ ያስቀረዋል። ለራስ ሲቆርሱ አያሳንሱ እንደ ተባለ፥ የሚቆርሰውና የሚበላው አንድ ሰው በሆነበት ቤት እንጀራው ለሌላው አይተርፍም። ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል የሚለው ተረትም ቀድሞ በሹማምንት ቤት ይነገር ነበር፤ ዛሬ ልብሱን ለውጦ በማኅበራት ቢሮ ተቀምጧል። ሠራተኛ መሸለም ይገባዋል፤ ግን ከደመወዙ ይሸለም እንጂ ከሌላ ሰው መልእክት አይሸለም። የደብዳቤን ዋጋ ለፖስተኛ ይከፍሉታል፤ ደብዳቤውን ግን አይሰጡትም።

እንዲህ ያለውን ነገር በመንግሥት ላይ ስናየው «አድልዎ ነው» ብለን እንጮኻለን፤ የሕዝብ ማኅበራት የተቋቋሙትም አድልዎን ሊናገሩ ነው። እህል ቢያንቅ በውሃ ይዋጣል፤ ውሃ ቢያንቅ በምን ይዋጣል? ቀድሞ አንድ ማመካኛ ነበረ። አዋጅ ቁጥር 621/2001 ከገቢያቸው ከመቶ ዐሥር በላይ ከውጭ የሚያገኙ ድርጅቶች በሰብአዊ መብት ሥራ እንዳይገቡ ከልክሎ ስለነበር፥ ብዙ ማኅበራት «እጃችን ታስሯል» ይሉ ነበር። ይህ አዋጅ በአዋጅ ቁጥር 1113/2011 ተተክቷል፤ አዲሱም ማኅበራት ራሳቸውን በራሳቸው እንዲቈጣጠሩ ምክር ቤት እንዲያቋቁሙ አዟል። እንግዲህ ነጻነት ሲሰጥ ማመካኛ ይወሰዳል። ራሱን እንዲቈጣጠር የተፈቀደለት ሰው ራሱን ካልተቈጣጠረ ሌላ ቈጣጣሪ መጋበዙ ነው።

አንድ አንባቢ፥ «ታዲያ ድኻና ያልተማረ ሰው ብቻ ይሂድ ልትል ነውን?» ይለኝ ይሆናል። አይደለም። ይህም ሌላ ስሕተት ነውና እርሱንም ልንቀፈው። አንዳንድ ጋባዦች የገጠር ሴት በባህል ልብሷ መድረክ ላይ ስትቀመጥ ማየት ይወዳሉ፤ ፎቶግራፍ ያነሷታል፤ ያጨበጭቡላታል፤ ውሳኔው ሲጻፍ ግን በክፍሉ ውስጥ የለችም። ሰውን ለጌጥ መላክ መናቅ ነው። ከመጠምጠም መማር ይቅደም እንዲሉ፥ ማንም ተላኪ ገበሬም ይሁን ዶክተር አስቀድሞ ጉባኤው ስለ ምን እንደሚመክር፥ ማን እንደሚወስን፥ ቃል የሚሰጥበት ሰዓት መቼ እንደ ሆነ ሊማር ይገባዋል። ተወልደ ብርሃንን ብርቱ ያደረጋቸው ዕውቀታቸው ብቻ አልነበረም፤ የሚናገሩለት ወገን አስቀድሞ መክሮ በአንድ አሳብ ከኋላቸው መቆሙም ነው። ከባለቤታቸው ከሱ ኤድዋርድስ ጋራም እ.ኤ.አ. ከ1996 ጀምሮ በትግራይ ገበሬዎች መካከል የብስባሽ ማዳበሪያ ሥራ እንዲጀመር ደክመዋልና፥ ስለ ገበሬ ሲናገሩ የሚናገሩት የሚያውቁትን ነበር። የተማረ ሰው እንዲህ ሲሆን ማን ይጠላዋል?

በአገራችን መልካም ምሳሌ አልጠፋም። ከውቅሮ ወጣ ብሎ በክልተ አውላዕሎ ወረዳ የሚገኘው የአብርሃ ወአጽብሃ መንደር ሕዝብ፥ የተራቈተ መሬቱን በእርከንና በክትር ጠግኖ የጠፋውን የጉድጓድ ውሃ ስለመለሰ እ.ኤ.አ. በ2012 የተባበሩት መንግሥታት የልማት ፕሮግራም የሚሰጠውን የኢኳቶር ሽልማት አግኝቷል። የሽልማቱ ሥነ ሥርዓት በሪዮ ዴ ጃኔሮ ከተደረገው ታላቅ ጉባኤ ጋራ ተያይዞ ነበር። በ2017ም የትግራይ ክልል በመሬት ጥበቃ ሥራው በቻይና ኦርዶስ ከተማ የወደፊት ፖሊሲ የወርቅ ሽልማት ተሸለመ። ይህ ክብር የተገኘው በቢሮ አይደለም፤ በየዓመቱ ያለ ክፍያ ዶማና አካፋ ይዞ ተራራ በወጣ ሕዝብ እጅ ነው። በዚህ ሽልማት የዓለም ዐዋቂዎች የመሰከሩት፥ ስለ መሬት ማወቅ ከዲግሪ ብቻ እንደማይመጣ ነው። እኛ ግን ያንኑ ሕዝብ የምንመዝንበት ወረቀት ላይ ለዚህ ዕውቀት አንዲት ረድፍ እንኳ አላስቀመጥንለትም።

የመቐለ ሰው ጨው ምን እንደ ሆነ ያውቃል፤ ከአፋር በረሓ በግመል እየተጫነ ወደ ገበያችን ሲገባ ኖሯልና። የጨው ገደል ሲናድ ብልህ ያለቅሳል፥ ሞኝ ይልሳል ይባላል። ሕዝብ በማኅበሩ ላይ ያለው እምነት እንደ ጨው ገደል ነው። አንድ ጉዞ ያለ አግባብ ሲሰጥ የሄደው ሰው ጥቂት ይልሳል፤ ከኋላው የሚናደው ግን ዘመን የፈጀ ነው። በሚቀጥለው ጊዜ ሰዎችን፥ «ለማኅበራችን ውጡ» ብንላቸው፥ «ቦርሳውን የያዘው ይውጣ» ይሉናል።

እንግዲህ ምን ይደረግ? በመጀመሪያ መልእክቱ ከተላኪው ይቅደም። ማኅበራት ተሰብስበው ጥያቄያቸውን በራሳቸው ቋንቋ ይጻፉ፤ ከዚያ በኋላ ይህን ጥያቄ ከሁሉ አብልጦ የሚያደርሰውን ይምረጡ። ሁለተኛ፥ ተወዳዳሪ መራጭ አይሁን፤ የመራጭ ዘመድም ቢወዳደር መራጩ ከወንበሩ ይነሣ። ዘመድ ከዘመዱ፥ አህያ ካመዱ ቢባልም፥ ያ ስለ አህያ የተነገረ ነው። ሦስተኛ፥ የተመረጠው ሰው ስምና የተመረጠበት ምክንያት ሰው ሁሉ በሚያየው ግድግዳ ላይ ይለጠፍ፤ ምክንያቱን ለመጻፍ ያፈረ መራጭ ምርጫውን ይመርምር። አራተኛ፥ የተላከው ሰው በተመለሰ በአንድ ወር ውስጥ ከላከው ሕዝብ ፊት ቆሞ፥ ሕዝቡ በሚሰማው ቋንቋ፥ የጠየቀውን፥ የተመለሰለትንና ያወጣውን ገንዘብ ይናገር። ይህን ያላደረገ ሁለተኛ አይላክ።

ወጣቶች ሆይ፥ ይህን የጻፍሁት ለእናንተ ነው። እ.ኤ.አ. በ2027 የዓለም የአየር ንብረት ጉባኤ በአዲስ አበባ እንዲደረግ በ2025 ተወስኗል። በዚያን ጊዜ ባሕር መሻገር ሳያስፈልግ ከመካከላችሁ ብዙዎች ትጠሩ ይሆናል፤ ከዚያም ወዲያ ወደ ሩቅ አገር የምትላኩ ትኖራላችሁ። እንግሊዝኛችሁ ከእኔ የተሻለ ነው፤ ኮምፒውተሩንም ታውቁታላችሁ። ስለዚህ መመዘኛው ለእናንተ ያደላል፤ እኔንም በልጅነቴ እንዳደላልኝ። መጋበዣው ሲደርሳችሁ ደስታችሁን አልነቅፍም፤ ዓለምን ማየት መልካም ነው። ነገር ግን ሻንጣችሁን ከማዘጋጀታችሁ በፊት ራሳችሁን ሦስት ነገር ጠይቁ፤ ማን ላከኝ? ምን እንድል ላከኝ? ስመለስ ለማን እናገራለሁ? ለሦስቱም መልስ ካላችሁ በሰላም ሂዱ። ለአንዱ እንኳ መልስ ካጣችሁ፥ ከኋላችሁ ቀስ ብሎ መልሱን የሚነግራችሁ ሰው አለና፥ ዘወር በሉና ስሙን ጠይቁ፤ መጋበዣውንም ለእርሱ አሳልፉለት፤ እናንተም አስተርጓሚ ሆናችሁ አብራችሁት ሂዱ። አስተርጓሚነት ውርደት አይደለም። እኔ በስልሳ ዓመቴ ያወቅሁትን እናንተ በሃያ ዓመታችሁ ብታውቁት የዚያች እናት ጥያቄ ሳይነገር አይቀርም ነበር።